የመደርደሪያው ቃል

«እማዬ፣ በራችንን ለሁሉም ብንከፍተው ቤቱ የማን ይሆናል?»

ልጅቷ ይህን ስትጠይቃት በጥርሷ ትንሽ ብሎን ነክሳ፣ በሁለት እጇ ነጭ ሳጥን ይዛ ነበር። እናትየው ጥያቄው ራሱ አልገባትም። ቀና ብላ የወርክሾፑን በር አየችው፤ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል።

«ብርድ ገባሽ እንዴ? ልዝጋው?» አለቻት።

ልጅቷ ብሎኑን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። «ተይው እማዬ፣ ከራሴ ጋር ነው የማወራው።»

ወርክሾፑ ከጎሚስታው በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይርገበገባል፤ የላስቲኩ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ከብየዳው ጭስ ጋር ይደባለቃል። በአንደኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ወንዱ ልጅ እዚያ ላይ ተደፍቶ ይውላል። በሌላኛው ካርቶኖች፣ ኮምፒውተርና የእናትየው ወንበር አሉ። የሚሠሩት አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስሙን ጆሮ ብለውታል። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ሳጥን ነው። በየቦታው የተተከሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ የሚናገሩትን ይሰማና ወሬውን ወደ ባለቤቱ ስልክ ያደርሳል። የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ሞቋል፣ የውሃው ታንከር ጎድሏል፣ የመጋዘኑ በር ተከፍቷል ይላል።

ትልቋ ልጅ ሥራውን ትመራለች። ታናሽ ወንድሟ ሬዲዮውን ይሠራል። እናትየው ሳጥን ትገጥማለች፣ ብሎን ታጠብቃለች፣ አቧራ ታራግፋለች።

«እትዬ፣ ልጆችሽ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ከታች ሆኜ ስጠራቸው ግን አንዳቸውም አይሰሙኝም» ይላታል ጎሚስታው፣ ደረጃው ላይ ባገኛት ቁጥር። እሷም በየጊዜው እንደ አዲስ ትስቃለች።

ሳቋ ግን ሩቅ አይሄድም። ባሏ፣ የልጆቿ አባት፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ አልፎ አልፎ፣ በኋላ ጭራሹን ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እናትየው የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ልጆቿ ሳይለያዩ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ማየት። ጆሮው ተሸጠ ሲሏት ደስ የሚላት ልጆቿ የትም እንዳይሄዱ ስለሚያደርግላት ነው። አልተሸጠም ሲሏት ካርቶኖቹን ደግማ ትቆጥራለች።

የበሩን ነገር ያስረዳት ወንዱ ልጅ ነበር፤ ራት ላይ፣ እህቱ እየሰማች።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ እስከ ዛሬ ለጆሮው የሚናገሩትን መሣሪያዎች ሁሉ የምንሠራው እኛው ነን። አለቃችን ደግሞ፣» አለና እህቱን በአገጩ አመለከታት፣ «ጆሮው የሚሰማበትን ቋንቋ ለማንም እናስተምር ትላለች። በነፃ! የፈለገ ሰው መሣሪያ ሠርቶ ይምጣና ይናገርበት ትላለች።»

«እኛ መሃል እንሆናለን፤ ሌላው ዙሪያችንን ይሠራል» አለች ልጅቷ። «ሁለት እጅ ይዘን ሁሉን ልንሠራ አንችልም። ሁሉም ሰው ለጆሮው የሚሆን ዕቃ ከሠራ ግን ጆሮውን ማን ይተወዋል?»

«ቋንቋውን የተማረው ሁሉ ነገ የራሱን ጆሮ ቢሠራስ?»

«ከኛ የተሻለ ከሠራ ይበለን!»

«አየሽልኝ እማዬ? ይበለን ትላለች! ይቺ ናት አለቃዬ!»

እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያየች ጉርሻዋን ረስታ ቀረች። እየተሳሳቁ ነው ወይስ እየተጣሉ ነው? መለየት አቃታት። «ብቻ ተስማሙልኝ» አለች። ሁልጊዜ የምትለው ይህንን ነው።

ከፈቱት። መጀመሪያ የመጣው አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበር። ወጣት ሳለ ሬዲዮ ይጠግን ነበርና፣ ከድሮ ሬዲዮ በፈታው ዕቃ ለንብ ቀፎ የሚሆን ሚዛን ሠርቶ መጣ። ቀፎው ማር ሲይዝ ይከብዳል፤ ሚዛኑም ክብደቱን ለጆሮው ይነግራል። ከዚያ ጫጩት የምታሳድግ ሴትዮ የጫጩቶቹን ቤት ሙቀት የሚለካ ዕቃ ይዛ መጣች። ከዚያ የበር ደወል የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች መጡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚጨርስለት መንትዮቹ ተባሉ። ከዚያ ሌሎችም።

ልጅቷ ያኔ አንድ ደንብ አወጣች። ሰው ሠርቶ ካመጣው ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ በወርክሾፑ ግድግዳ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ባትሪው ሳይወጣ፣ ሌት ተቀን እንደበራ። አዲስ ጆሮ በሠሩ ቁጥር መደርደሪያው ፊት ያኖሩታል። የሁሉንም ድምፅ ካልሰማ ወደ ገበያ አይወጣም። «እዚህ መደርደሪያ ላይ የወጣ አይወርድም» ብላ ለሁሉም ቃል ሰጠች። ሰዎቹ የመጡት በዚህ ቃል ነው። ጊዜያቸውን አፍስሰው ሠርተው፣ ነገ ጆሮው ቢቀየርስ ብለው እንዳይሰጉ።

መደርደሪያውን የምትጠብቀው እናትየው ነበረች። ባትሪ ትቀይራለች። ማታ ማታ ፊደል መማር ጀምራ ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የባለቤቱን ስም በራሷ እጅ ጽፋ ለጠፈች። አንዳንዱ ፊደል ወደ ጎን ተንጋዷል፤ ማንም ግን አልሳቀባትም። ጠዋት ስትገባ ሰላምታ የምትጀምረው ከመደርደሪያው ነው። አረንጓዴ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ «እንዴት አደራችሁ» ትላቸዋለች።

«እማዬ፣ መልስ ከሰጡሽ ንገሪኝ፤ ሐኪም ጋ እንወስድሻለን» ይላል ልጁ።

ነገሩ ለጥቂት ጊዜ አማረ። ሰዎች ጆሮውን ይገዙ የነበረው ለራሱ ብለው አልነበረም፤ ለጫጩቱ፣ ለደወሉ፣ ለማሩ ብለው ነው። ልጅቷ ያለችው ሆነ።

አንድ ቀን የትልቁ ኩባንያ ሰው መጣ። በጆሮው ውስጥ ያለችውን፣ ሬዲዮውን የምታሠራውን ጥፍር የምታህል ቺፕ የሚሸጥላቸው ይህ ኩባንያ ነው። ሰውየው ልጅ እግር ነበር፤ ትሑት፣ ጫማው የሚያበራ። ያቀረቡለትን ወንበር በመሐረብ ሳይጠርግ ተቀመጠ፤ እናትየው ይህን አይታ ወደደችው።

«የድሮዋን ቺፕ መሥራት እናቆማለን» አለ። «አዲሷ ከሷ እጅግ ትሻላለች። እናንተ ጆሮ የምትሉትን ሥራ ግማሹን ራሷ ትሠራዋለች። የኛ መድረክ ላይ፣ ሁሉም ዕቃ በኛ ቋንቋ በሚነጋገርበት ሥርዓት ላይ፣ ብትወጡ ጥሩ ነው።»

«መድረካችሁ ላይ ብንወጣ እነዚህስ?» ልጅቷ ወደ መደርደሪያው አመለከተች።

ሰውየው ተነስቶ ጠጋ ብሎ አየ። «የኛን ቋንቋ ካልተናገሩ ቺፗ አትሰማቸውም። ባለቤቶቻቸው እንደገና ይሥሯቸው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ሙዚየም መስሎኝ ነበር።»

«ሙዚየም አይደለም፤ ቤተሰቦቻችን ናቸው» አለች ልጅቷ።

«እኛ ማንንም አናስገድድም» አለ ሰውየው፤ እናትየውን ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ልጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «እንውጣ! እነሱ መድረክ ላይ እንውጣ! ከነሱ ጋር ምን አታገለን?»

«ወጥተን ምን ልንሆን? ዛሬ ግማሹን ሥራችንን ቺፗ ትሠራዋለች አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላውን ግማሽ ስትሠራውስ?»

«አሁን ምን ይዘሻል ታዲያ? ቺፕ የለሽም!»

«ከሌላ ቦታ የሌላ ሰው ቺፕ አለ። አዲስ ጆሮ እንሠራለን። መደርደሪያው እንዳለ ይቆያል። አንተ ትሠራዋለህ።»

«እሺ፣ አለቃ» አለ ልጁ፤ አለቃ ያላት ግን የድሮውን ዓይነት አልነበረም። እናትየው ልዩነቱን ሰማችው።

ልጁ የሠራውን ሥራ ማንም አይክደውም። ዓይኑ እስኪቀላ ሠራ። አዲሱ ጆሮ ከአሮጌው ያነሰ፣ ባትሪው የሚበረክት፣ ፈጣን ነበር። መደርደሪያው ፊት ሲያኖሩት ጫጩቷን ሰማ፣ ደወሉን ሰማ፣ ሌላውንም ሁሉ ሰማ። የንብ አናቢውን ሚዛን ግን አልሰማም።

የሽማግሌው ሚዛን የተሠራው ከአሮጌ ሬዲዮ ነውና ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። አዲሱ ጆሮ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ለአፍታ ብቻ ያዳምጥና ይተኛል። ሚዛኑ ንግግሩን ሳይጨርስ ጆሮው ይዘጋል። እሱን ይጠብቅ ቢሉት ነቅቶ መቆየት አለበት፤ ነቅቶ ከቆየ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ቶሎ ካለቀ ማን ይገዛዋል? ልጁ በዚህ በኩል ሞከረ፣ በዚያ በኩል ሞከረ። አልሆነም። በዚህ መሃል ትልቁ ኩባንያ አዲሷን ቺፕ አወጣ። በወርክሾፑ የቀሩት አሮጌ ጆሮዎች አለቁ። ደንበኛ ይደውላል፤ «ትንሽ ታገሡን» ይባላል።

«ይውረድ» አለ ልጁ አንድ ከሰዓት በኋላ። የብየዳውን ብረት ማስቀመጫው ላይ ወረወረው።

«አይወርድም።»

«አንድ ሰው ነው! አንድ ንብ አናቢ! ስንት ቀፎ አለው? ለሱ ብለን ልንጠፋ ነው?»

«ነገሩ የንቡ አይደለም። ሁሉም ያንን መደርደሪያ ነው የሚያየው።»

«ማን ያየዋል? እማዬ ናት የምታየው! እንዴት አደራችሁ እያለች!»

«እማዬን ተዋት።»

«እኔ ምን ይዤ ልቅር? ወይ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ወይ እኔ በዚህ ደረጃ እወርዳለሁ። ትልቁ ኩባንያ ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው አይጠላም።»

ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ደረጃው ላይ የእግሩ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ እናትየው የያዘችውን ብሎን አስቀምጣ አዳመጠች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሻንጣ የያዘ ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዴ ሰምታዋለች።

ተነስታ ልጅቷ ፊት ቆመች። «እናቴ» አለቻት፣ «ይቺን አንዷን አውርጂ።»

«እማዬ፣ አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም። እውነትሽን ነው፣ አይገባኝም። ልጄ እንደሚሄድ ግን ይገባኛል። ሽማግሌው ደግ ሰው ነው፤ ብንነግረው ይረዳናል። ለኔ ስትይ አውርጂው። ከዚህ በፊት ምን አስቸግሬሽ አውቃለሁ?»

ጉልበቷን ልትይዝ ዝቅ ስትል ልጅቷ ደንግጣ በሁለት ክንዷ ደገፈቻት። «ምን ሆነሻል እማዬ! ተነሺ! ተነሺ በናትሽ!» ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷን ወንበሯ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሚዛኑን አንስታ ባትሪውን አወጣች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለወንድሟ ደወለች።

«አውርጄዋለሁ። ና ሥራህን ጨርስ» አለችው።

ልጁ መጣ። እናትየው ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሳቀም። ሚዛኑን አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አዲሱ ጆሮ ተሠርቶ ወጣ። እናትየው ብሎን ስታጠብቅ ዋለች፤ ልጆቿ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ምስጋናዋን ለፈጣሪ አደረሰች።

ሽማግሌው የመጣው አሮጌው ቢበላሽበት አዲሱን ጆሮ ገዝቶ፣ ቀፎዎቹ ዝም ሲሉበት ነው። ቀድመው ሊነግሩት ነበር። ልጅቷ ስልኩን አንስታ መልሳ ያስቀመጠችበትን ቀን እናትየው አይታለች፤ «ነገ እደውልለታለሁ» እያለች ቀኑ ሄደ። ደረጃውን በዝግታ ወጣ። ሰላም አለ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ መደርደሪያው ላይ አረፈ፤ በጫጩቷና በደወሉ መሃል ባዶ ቦታ አለ፣ ከሥሩም የተንጋደደ ስሙ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች ልጅቷ። «ልንነግርዎት ነበር...»

«አልተቆጣሁም ልጄ። እኔም ቀርፋፋ ነኝ፣ ሚዛኔም ቀርፋፋ ነው።» ሊስቅ ሞከረ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጆሮው እንደማይሰማኝ እያወቃችሁ ነው የሸጣችሁልኝ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ልጁ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀና አላለም።

«እሺ» አለ ሽማግሌው። ሚዛኑን ከጠረጴዛው አንስቶ በፎጣው ጠቀለለው፤ ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። እናትየው እስከ ታች ሸኘችው። ጎሚስታው በር ላይ ዞር ብሎ «አንቺ ደህና ሁኚ» አላት። «አንቺ» የምትለዋን ጠበቅ አደረጋት፤ ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት።

ሽማግሌው ለማንም አላወራ ይሆናል። ግን ወሬው ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ መንትዮቹ መጡ።

«ደወላችንን ለትንሽ ጊዜ...»

«...ልንወስደው ነበር፣ ልናስተካክለው።»

«ምኑን?» አለች ልጅቷ። «ደህና ይሠራል እኮ።»

መንትዮቹ ተያዩ። አንዱ «እሱማ...» ብሎ ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላው አልጨረሰለትም። ደወሉን ይዘው ሄዱ። ተከትለው ሌሎቹ መጡ፤ አንዱ ለሰው ላሳየው ነው አለ፣ ሌላው ባትሪውን ልለውጥ ነው አለ። እናትየው ባትሪውን የቀየረችው በዚያው ሳምንት ነበር።

እውነቱን የተናገረችው የጫጩቷ ሴትዮ ብቻ ናት። ቆማ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«እህቴ፣ አልዋሽሽም። ወደ ትልቁ ኩባንያ ነው የምሄደው።»

«እነሱ እኮ ቃል እንኳ አይሰጡሽም» አለች ልጅቷ። «በሚቀጥለው ዓመት ሁሉን ቀይረው እንደገና ሥሪ ይሉሻል።»

«አውቃለሁ። እነሱ ከመጀመሪያውም አናዝንልህም ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሰው ተጠንቅቆ ይኖራል። ከናንተ ጋር የኖርኩት ግን ሳልጠነቀቅ ነው። ሽማግሌውን ካወረዳችሁት እኔን ማን ያተርፈኛል? ስትወረውሩኝ የምሰማው ዶሮዎቼ ካለቁ በኋላ ነው።»

«እኔ ነኝ ያስወረድኩት! የሷ ጥፋት አይደለም» አለች እናትየው ከወንበሯ ተነስታ። «ለልጄ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ በሐዘኔታ አየቻት። «እትዬ፣ እኔም እናት ነኝ፤ በቦታሽ ብሆን አስወርድ ነበር። ለዚህ እኮ ነው የምሄደው።»

የሚናገርለት ዕቃ የሌለው ጆሮ ማን ይገዛዋል? አዲሶቹ ጆሮዎች በካርቶናቸው ተደርድረው ቀሩ፤ ያማሩ፣ ፈጣን፣ ባትሪያቸው የሚበረክት። ልጁ የሚሠራው ሥራ ሳይኖር አንቴና ይለካል። ልጅቷ ለአንዱም ለሌላውም ትደውላለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግማ ለሽማግሌው ደወለች። አንድ ቀን አነሳ። «ንቦቹን ሸጥኳቸው ልጄ፣ አትጨነቂ» አላት።

በመጨረሻ ትልቁ ኩባንያ ደወለ። ልጁ ይህን ስልክ ይጠብቅ ነበር፤ ማመልከቻ ካስገባ ቆይቷል፤ እናትየውም ታውቃለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀድማ ወደ እሱ ታያለች። የተደወለው ግን ለልጅቷ ነበር። ያ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ሞልቶናል አላት፤ ያጣነው ሰዎችን ሰብስቦ አንድ ላይ የሚያቆም ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ነው፤ እዚያው መኖር ያስፈልጋል።

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ይህን ስትናገር ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ «እንኳን ደስ አለሽ አለቃ» አለ። በጥርሱ ሳይሆን ከልቡ ነበር፤ ይህ ለእናትየው ይበልጥ ከበዳት።

ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፍላት ነበር። የታጠፈውን መልሳ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

«በኔ ምክንያት ነው አይደል?»

«አይደለም እማዬ።» መልሱ ቶሎ መጣ፤ ከመጠን በላይ ቶሎ።

«ሽማግሌውን ባታወርጂው ኖሮስ?»

ልጅቷ እጇ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቆመች። «ወንድሜ ይሄድ ነበር። አዲሱ ጆሮ አይወጣም ነበር። አሮጌው አልቋል። ሰዎቹም ቆይተው ይሄዱ ነበር መሰለኝ።» ከእናቷ እጅ የታጠፈውን ልብስ ተቀበለች። «አላውቅም። ብቻ እጄን ይዘሽ አላወረድሽውም፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«እዚያስ ምንድነው የምትሠሪው?»

«ትናንሽ ሠሪዎችን እጠራለሁ። ወደ መድረካችን ኑ እላለሁ።»

«ሲመጡስ?»

ልጅቷ የሻንጣውን ዚፕ ሳበች። ዚፑ መሃል ላይ ያዘ፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ አንዷ ስትጫን አንዷ ስትስብ፣ ዘጉት።

ጠዋት ጎሚስታው ሻንጣውን በትከሻው አውርዶ መኪና ላይ ጫነላት። አልቀለደም። ልጁ እህቱን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። «ደውይ» አላት። «እደውላለሁ» አለች። እናትየው የልጅቷን ኮሌታ አስተካከለችላት።

ልጅቷ ሄደች። ልጁ ቀረ፤ አሁን ታች፣ ከጎሚስታው ጋር ጎማ ይነፋል። እናትየውም ቀረች።